ለጣት አይሆንም

«ዛሬ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የሃያ ሰው ጥፍር ይነቀላል፤ አታስብ፣ ሁሉም ተጠርተዋል» አለ ብርሃኑ፣ ሳሎን ጥግ ካለው ስልክ ላይ ሆኖ። ሚስቱ አስመረት ሻይ እየቀዳች ነበርና እጇ ብርጭቆው ላይ ደርቆ ቀረ። በ1976 ነሐሴ ላይ፣ ያውም ከቀበሌ ሊቀመንበር አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ሻዩን ረጋ ብሎ የሚጠጣ ሰው አልነበረም። ብርሃኑ ስልኩን ዘግቶ ሲዞር የሚስቱን ፊት አየና ሳቀ። «ምነው? ሰልፈኞቹን እኮ ነው፤ ጫማ ያቆሰላቸውን። ክሊኒክ ነው የሚነቀልላቸው፣ በማደንዘዣ።» አስመረት ተነፈሰች። ታላቅ እህቱ ምንትዋብ ግን ዳቦዋን እንደያዘች ቀረች፤ ነገሩ ክሊኒክ ከሆነ የሚመጣው ወደ እሷ እጅ ነው።

ብርሃኑ ተቀምጦ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ በላ። በዚያ ቤት ስለ ቀበሌ ጉዳይ ገበታ ላይ አይወራም። ስለ ስኳር ራሽን ይወራል፣ ሃምሳ ሳንቲም ይዞ አምስት ዳቦ ለመግዛት አንድ ሰዓት ስለመሰለፍ ይወራል፣ ጣሪያው በየት በየት እንደሚያፈስ ይወራል። እናታቸው ስትሞት እሱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፣ እሷ ሃያ ሞልቷት ነበር፤ አሳድጋ፣ አስተምራ ለወግ ያበቃችው እሷ ናት። አሁን እሱ ሊቀመንበር ነው፣ እሷ ደግሞ እሱ ቤት ኋለኛዋ ክፍል ውስጥ የምታድር የክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ። ከሁለቱ ማን ማንን እንደሚያዝ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። «እትዬ፣ ዛሬ ቀደም ብለሽ ግቢ። ለክሊኒኩ ቡታጋዝ አምስት ሊትር ላምባ አስልኬላችኋለሁ» አላት ሲነሳ። በዚያ ክረምት አምስት ሊትር ላምባ ቀልድ አልነበረም። ወንድሟ ምን ያህል እንደጨነቀው የገባት በላምባው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እያንዳንዱ ቀበሌ ሰልፈኛ መድቧል፤ ለሰልፈኛውም ካኪ ልብስና ጥቁር የቆዳ ጫማ ታድሏል። ጫማው የመጣው በሁለት ቁጥር ብቻ ነው፣ ሠላሳ ዘጠኝና አርባ አንድ። አርባ ሦስት የሚያደርገው ሰው አርባ አንድ ተሰጠው፤ ጠበበኝ ያለም «ስታደርገው ይሰፋል» ተባለ። ጫማው አልሰፋም። በዝናብና በጭቃ፣ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት አስፋልት ሲደበድቡበት የአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠርዙ ወደ ሥጋ ገባ፤ ጣቱ አበጠ፣ መግል ያዘ። ባለፈው እሑድ ልምምድ ላይ ከበላይ የመጣ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ «ያ የሚያነክሰው መስመር የየትኛው ቀበሌ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የብርሃኑ ቀበሌ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ብርሃኑ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ማንከስ እንኳ በዚያ ጊዜ አሻጥር ሊባል ይችላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው። ግን እየፈራ የሚያዝ ሰው ከክፉው ባልተናነሰ ያስቸግራል፤ የራሱን ጭንቀት ለማብረድ የሌላውን ጥፍር ይነቅላል።

ምንትዋብ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጭቃውን በድንጋይ በድንጋዩ እየዘለለች ከወሎ ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ወዳለው ክሊኒክ ሄደች። ቦሌ መንገድ ላይ ከአየር ማረፊያ እስከ ሰልፉ አደባባይ ድረስ ቀይ ጨርቅ በቀይ ጨርቅ ሆኗል፤ አናጢዎች የእንጨት ቅስት ያቆማሉ። እሷ ዓይኗ ሰው እግር ላይ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልማድ ነው፤ ሰውን የምታየው ከእግሩ ጀምራ ነው። አውቶቡስ ከሚጠብቁት መካከል ሦስቱ በተረከዛቸው እንጂ በጣታቸው በኩል አይረግጡም።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። ኃላፊዋ ሲስተር ትበርህ ለአንድ ወር ሴሚናር ሄዳለች፤ በእሷ ቦታ የተወከለው አምደሚካኤል የሚባል ወጣት ጤና ረዳት ነው፣ ትምህርቱን ከጨረሰ ገና ዓመት ያልሞላው። መልካም ልጅ ነው፤ ጥፍር ሲነቀል ግን ሁለቴ አይቷል እንጂ በእጁ አልነቀለም። ምንትዋብ ቁስል ታጥባለች፣ እባጭ ሲከፈት ታግዛለች፣ መሣሪያ ትቀቅላለች፤ የመሣሪያውና የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍም በእሷ እጅ ነው። ስትደርስ ሃያዎቹ ሰልፈኞች የአንድ እግራቸውን ጫማ አውልቀው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በረንዳው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ጫፍ ላይ ያለው ዘርአይ የተባለ ጎረምሳ ነበር፤ ጋራዥ ነው የሚሠራው፣ እግሩ አርባ አራት ቢለካም አያንስም። አጠገቡ አፀደ አለች፣ የቀበሌውን ባንዲራ የምትይዘው። ምንትዋብ ጎንበስ ብላ የሁሉንም ጣት አንድ በአንድ አየች። አብዛኛው በሞቀ የጨው ውሃና በትንሽ ጥጥ የሚድን ነው።

«አንድ መቀስ፣ አንድ መቆንጠጫ ነው ያለን» አለችው አምደሚካኤልን ገብታ። «ለእያንዳንዱ ሰው ሃያ ደቂቃ ይቀቀላል። ሃያ ሰው በአንድ ጠዋት እንዴት አድርገህ ነው?»

«በአልኮል እየጠረግን እንሠራለን ብዬ ነበር።»

«የአንዱን መግል ለሌላው እያደልን በል እንጂ። ማደንዘዣውስ?»

አምደሚካኤል ወደ አዲሱ ካርቶን ጠቆመ። ከወዳጅ አገር በእርዳታ የመጣ ነው፤ ስድሳ አምፑል፣ ትንንሽ የመስታወት ብልቃጥ። ጽሑፉ ዕቃ ግምጃ ቤትም እዚህም የሚያነበው ሰው ባልተገኘለት ፊደል ነው። «ማደንዘዣ ማደንዘዣ ነው፣ እትዬ ምንትዋብ። ዕቃ ግምጃ ቤት እንደዚያ ብለው ነው የሰጡን።»

«ብቻውን ነው ወይስ የተቀላቀለበት አለ?»

«እሱን አልነገሩንም።»

እዚህ ላይ ነገሩን ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። ማደንዘዣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ማደንዘዝ ብቻ ነው ሥራው። ሌላው ያደነዝዛል፣ በተጨማሪም ደም እንዳይፈስ የደም ሥር የሚያጠብብ ነገር ተቀላቅሎበታል። ለጭንቅላት፣ ለጀርባ፣ ለጭን ግሩም ነው። ጣት ግን ጫፍ ነው፤ ደም የሚገባበት መንገድ ቀጭን ነው፣ እሱ ከተዘጋ ጣቱ ይነጣል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ ከዚያ በኋላ መቁረጥ ነው። ምንትዋብ ሥራ በተማረችበት ጊዜ መምህራቸው ይህን በቃል ያስጠናቸው ነበር፤ ጣት፣ አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ብልት። አራተኛው ላይ ልጃገረዶቹ ሲንከተከቱ በማስመሪያ ጠረጴዛውን ይመታል። በዚያው ዓመት የአንድ አናጢ ጠቋሚ ጣት እንደ ከሰል ጠቁሮ ሲቆረጥ ሳህኑን ይዛ የቆመችው እሷ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። አሁን ያጠራጠራት ደግሞ ባለፈው ሳምንት ያየችው ነው። በዚህ በአዲሱ መድኃኒት የአንዲት ሴትዮ ጭንቅላት ሲሰፋ ደሙ ቀጥ ብሎ ነበር። ጭንቅላት እንደዚያ በቶሎ ደሙ ሲቆም አይታ አታውቅም።

ከአሮጌው፣ ከምታውቀው ማደንዘዣ አንድ አምፑል ብቻ ቀርታለች። ምንትዋብ ሁለት የመስታወት ስሪንጋ ቀቀለች፤ በአንዱ አሮጌውን፣ በሌላው አዲሱን ሳበች። ከዚያ በረንዳ ወጥታ ሰልፈኞቹ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ የሹራቧን እጅጌዎች ሰበሰበች። «ና፣ ውጋኝ» አለችው አምደሚካኤልን። «ቆዳው ውስጥ ብቻ፣ ትንሽ ጠብታ። ግራ ክንዴ ላይ አሮጌውን፣ ቀኝ ክንዴ ላይ አዲሱን።» ልጁ አመነታ። «ሃያ ሰው ልትወጋ አልነበር እንዴ? ከእኔ ጀምር» ስትለው ፊቱ ቀላና ወጋት። ዘበኛው ጋሽ አብዱልሐሚድ ከበሩ ተነስተው መጡ። ሰዓት ያለው አምደሚካኤል ብቻ ነበርና ሁሉም ወደ እሱ እጅና ወደ እሷ ክንድ እያፈራረቁ ያዩ ጀመር። አሥር ደቂቃ ሆነ። ግራ ክንዷ ላይ የተወጋው ቦታ ቀላ ብሎ አበጥ ከማለት በቀር ምንም አልሆነም። ቀኙ ላይ ግን መርፌው በገባበት ዙሪያ የስሙኒ ያህል ቦታ ደሙ ሸሽቶ፣ አመድ እንደነካው ቆዳ ነጣ፤ እያዩትም ዳር ዳሩን ሰፋ።

«ይኸው» አለች ምንትዋብ፣ ክንዷን ከአግዳሚው ጫፍ እስከ ጫፍ እያሳየች። «ክንድ ሰፊ ነው፣ ደሙ ነገ ይመለሳል። ጣታችሁ ላይ ቢሆን፣ እዚያ ላይ ደግሞ ደም ማቆሚያ ላስቲክ ታስሮበት፣ ላይመለስ ይችላል። የፈለጋችሁትን ማድረግ የእናንተ ነው። እኔ ግን ይህን መድኃኒት ለጣት አልሰጥም።»

ዘርአይ እግሩን ሰበሰበ። «እኔን ማንም አይነካኝም» አለ። አፀደ ጫማዋን ከጭኗ አውርዳ መሬት አስቀመጠች። በዚህ መሐል ብርሃኑ ከነሽጉጡ ገባ። ሥራው ግማሽ ደርሶ ይሆናል፣ ልየው ብሎ ነበር የመጣው፤ ሃያዎቹ እንደተቀመጡ፣ ጥፍራቸውም እንዳለ አገኛቸው። አምደሚካኤል እየተንተባተበ ነገረው። ብርሃኑ የእህቱን ክንድ አየ፣ አንዴም ሁለቴም አየ፤ የገባው ይመስላል። ግን ሃያ ሰው እያየው ነበርና ያየውን እንዳላየ ሆነ።

«ከሰልፉ አስተባባሪዎች ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ» አለ። «እነዚህ ሰዎች ሳያነክሱ መሰለፍ አለባቸው። ጥፍሩ ከወጣ ሕመሙም ይወጣል።»

«ጥፍሩ የወጣ ጣት ጫማ ለመቻል ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በዓሉ በሁለት ሳምንቱ ነው። ይህን ያህል መቁጠር ያቅትሃል?»

«ታዲያ በምን ይሰለፉ?»

«የሚቆረጥ ከፈለግህ ጫማውን እንቁረጠው። ጎኑን በምላጭ ስንጥቅ ላድርግለት፤ ጥቁር ካልሲ ካደረጉበት ከሩቅ አይታይም።»

«ጫማው እኮ የመንግሥት ንብረት ነው!»

«እግሩስ የማን ነው?» አለች ምንትዋብ።

አንድ ሰው ከአግዳሚው ጫፍ ሳቀ፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው። የብርሃኑ ጆሮ ቀላ። ልጅ ሆኖም ሲያፍር ቀድሞ የሚቀላው ጆሮው ነበር፤ ምንትዋብ ይህን አየችና ልቧ ተነካ። ግን ከአቋሟ አልተመለሰችም። እሱም አንቺ ማለቱን ተወ። «ጓድ ምንትዋብ፣ ከዛሬ ጀምሮ መጋዘን ተመድበዋል። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ለጓድ አምደሚካኤል ያስረክቡ» አላት። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ያሳደገችው ልጅ እርስዎ ሲላት የመጀመሪያዋ ነው። መጋዘን ደርሳ የምትቀር ከሆነም ዕድለኛ ናት፤ ከዚያ የባሰ ቦታ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ቁልፉን ወርውራላቸው መሄድ ትችል ነበር፤ እንደዚያ ብታደርግ ግን ከሰዓት በኋላ ሃያው ጣት ይወጋል።

«እሺ፣ አስረክባለሁ» አለች። «የመንግሥት ንብረት ነው ብለሃል፤ እንግዲያው በደንቡ ይሁን። በዝርዝር፣ በሦስት ኮፒ።»

በዚህ አገር ርክክብን የሚከለክል ሊቀመንበር የለም። ምንትዋብ ወረቀቱን ካርቦን አስገብታ አሰመረች፤ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ምርመራ። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍታ እያንዳንዱን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ እያወጣች ትጠራለች፣ አምደሚካኤል ይቆጥራል፣ ጋሽ አብዱልሐሚድ ምስክር ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መቀስ አንድ፣ ስለቱ የተበላ። መቆንጠጫ አንድ። የኩላሊት ቅርጽ ያለው ሳህን ሁለት፣ አንዱ ቀለሙ የተላጠ። የተጠቀለለ ፋሻ አሥራ ሰባት። የጎደለ መርፌ ሲገኝ እንደገና ከመጀመሪያው ተቆጠረ፤ መርፌው ጥጥ ውስጥ ተገኘ። ብርሃኑ ሲጋራ እያቀጣጠለ ይወጣል ይገባል። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ውጭ ዝናቡ ጀምሮ ሰልፈኞቹ በረንዳው ላይ ተጠጋግተዋል፤ ከሃያው አንድም ሰው ቤቱ አልሄደም። ሌላ ቀን ቢሆን ሊቀመንበሩን ፈርተው ነው ይባል ነበር። አሁን ግን በመስኮቱ የሚያዩት እሱን አልነበረም።

የመጨረሻው ተራ ቁጥር ሠላሳ አራት ነበር። ምንትዋብ «ማደንዘዣ አምፑል፣ ሃምሳ ስምንት» ብላ ጻፈች። ቀጥላ ምርመራ በሚለው ዓምድ ውስጥ፣ ከጠባቡ መስመር እያለፈች፣ በትልቅ ፊደል እንዲህ አሰፈረች፤ «የደም ሥር የሚያጠብብ ነገር የተቀላቀለበት መሆኑ በክንዴ ላይ ተሞክሮ ታይቷል። ለእጅም ለእግርም ጣት አይሆንም። ይህን አንብቦ የተረከበ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው።» አስረካቢ በሚለው ሥር ሙሉ ስሟን ጽፋ ፈረመችና እስክሪብቶውን ለአምደሚካኤል አቀበለችው። ልጁ አነበበ። ወረቀቱ ስንት ቁጥር ተሰጥቶት በየት በየት ቢሮ እንደሚዞር፣ አንድ ሰልፈኛ በበዓሉ ማግስት ጣቱ ቢቆረጥ ይህ ወረቀት ማንን ፈልጎ እንደሚመጣ አሰበ። እስክሪብቶውን ሳይፈርም ወደ ብርሃኑ ገፋው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ትእዛዙ የእርስዎ ነው። መጀመሪያ እርስዎ አዛዥ ብለው ይፈርሙ፣ ከዚያ እረከባለሁ።»

ብርሃኑ ወረቀቱን አነሳ። ምርመራውን እስከ መጨረሻው አነበበ። ሲጨርስ ቀና ብሎ እህቱን አየ፤ ያኔ እርስዎ ማለቱን ረሳው። «እትዬ፣ ምን እያደረግሽኝ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ፈርቻለሁም» አለች ምንትዋብ። «ግን የምትፈርመው ከስሜ ሥር ነው። ምንትዋብ ቢተው፣ ብርሃኑ ቢተው። የአባታችን ስም ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዴ አይሆንም ባለች፣ አንዴ ይሁን ባለ። ከፈለግህ ጻፈው።»

ብርሃኑ እስክሪብቶውን አነሳ። በመስኮቱ ሃያ ፊት ያየዋል። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ፤ ነጥብ እንጂ ፊደል አልወጣውም። ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ባርኔጣውንም አነሳ። «ማታ ቤት እንነጋገራለን» አለ ቀስ ብሎ።

«እዚሁ እንነጋገር። ቤትማ አንነጋገርም።»

ብርሃኑ በሰልፈኞቹ መካከል አልፎ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ርክክቡ ያልተፈረመ ስለሆነ ቁልፉ ከምንትዋብ አልወጣም፤ አምደሚካኤልም ሳይታዘዝ ባልዲ አንስቶ ለጨው ውሃው ሊቀዳ ወጣ። እሷ ግን ሞኝ አይደለችም። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሳያነብ የሚፈርም ሰው ይዘው እንደሚመጡ፣ እሷም መጋዘን ወይም ከዚያ ራቅ ያለ ቦታ እንደምትገኝ ታውቃለች። ከፕላስተሩ አራት ቁራጭ ቀደደች። ከሦስቱ ኮፒ ዋናውን ቁም ሣጥኑ በር ላይ፣ ልክ ከቁልፉ ቀዳዳ በላይ ለጠፈችው። አራቱንም ማዕዘን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አጣበቀች። ከዚያ በሩን ከፍታ «ዘርአይ፣ ግባ» አለች፤ «እግርህን ይዘህ ና፣ ጫማህንም እንደዚሁ። ምላጩን አምጥቼ ከጫማው እጀምራለሁ።»